‹‹ወንድሜ ሰይጣን ነው ወይስ ልጅ?››

ባለፈው ሣምንት ስለ ፍቅረኛሞች ኩርፊያ እቀጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ኩርፊያው ይቆየን። ኩርፊያ እንደሆነ የትም አይሄድም። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከበድ ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ከሆነ የምታነቡት መጀመሪያ ቡናችሁን ጨርሱ።

ደብዳቤው ከመንዝ ነው የተላከልኝ። የአገሬ ልጅ ስለሆነች ነው መሰለኝ ፖስታውን ገና ስከፍተው ሆዴ ተንቦጨቦጨ። ቀበሌዋን አልጠራም፤ ስሟንም አላወጣም። ከደብዳቤው ላይ ሰው ሊለይባቸው የሚችሉ ነገሮችን ቀንሼ እንዲህ አቅርቤዋለሁ፦

‹‹ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ የ23 ዓመት ሴት ነኝ። አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፤ አባታችን ሲሞት ዘመድ ጋ እረኛ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከመጣ ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። በቀደም የጎረቤታችንን የሰባት ዓመት ልጅ ያልሆነ ነገር አደረጋት ተባለ። አላመንኩም ነበር። ስጠይቀው ግን መሬት መሬቱን ሲያይ ገባኝ። አሁን ሽማግሌ ገብቶ በአንድ በግና በጥቂት ብር ነገሩን ሊያበርዱት ነው። አጎቴ በገመድ ገርፎታል፤ ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ቤት ሊልከው ነው። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ጠፍቷል። ለፖሊስ ብናገር ወንድሜን ቀበርኩት፤ ዝም ብል ልጅቷን። ወንድሜ ሰይጣን ነው ወይስ ልጅ? እባክህ መልስልኝ።››

ደብዳቤው ጋዜጣ እስኪወጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ስልኳን ጽፋ ስለነበር ያን ዕለቱኑ ደወልኩላት። ያልኳትን ለእናንተም ልድገመው፤ ነገ ማንን እንደሚያጋጥም አይታወቅምና። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወንድሟ አይደለም፣ ስለ ልጅቷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ በግ ሳይታረድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ አለባት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ልብሷን አትጠቡት፣ አታጥቧት፣ አትቆጧት። ‹‹ለምን ሄድሽ?›› ብላችሁ አትጠይቋት። አዲስ አበባ ቢሆን ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል አለ። መንዝ ላይ ያ የለም። ጤና ጣቢያ ግን አለ፤ መንገድም አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ሰይጣን ነው ወይስ ልጅ?

እኔ 12ኛን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ያነበብኩትን ከማውራቴ በፊት ያየሁትን ላውራ። ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ዘመሮ ነበር የተከራየሁት። ዘመሮን ለማታውቁት፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ብርዷ ለጉድ ነው። የገጠር ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ከዚያም ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። እኛ አራት ነበርን። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ባና፣ አንድ ኩራዝ። አራታችንም ከ15 ዓመት በታች ስንሆን ከእኛ በላይ ትልቅ ሰው የሚባል በዚያ ቤት አልነበረም። አከራያችን ወር ሲሞላ ብቻ ነው ብቅ የሚሉት።

ከአራታችን ሦስታችን ወሬኞች ነበርን። እንሳደባለን፣ እንደባደባለን፣ ቅዳሜ ገበያ የሰው ሸንኮራ እንነጥቃለን፣ ሴት ባለፈች ቁጥር አፋችን አያርፍም። አራተኛው ዝምተኛ ነበር። አይሳደብም፣ አይጠጣም፣ ከእኛ ጋር ገበያ አይወርድም። አከራዩ ‹‹እናንተ ዱርዬዎች፣ ከሱ ተማሩ›› ይሉን ነበር። እናቱና አባቱ ተፋተው አባቱ ሌላ አግብቷል። እሱ በስድስት ዓመቱ ለዘመድ እረኛ ተሰጠ። እዚያ የሚያድረው ከጎልማሳ ቅጥረኞች ጋር ጋጣ ላይ ነበር።

አንድ ሌሊት ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንቅልፍ እንቢ ብሎናል። ያኔ እረኛ ሳለ ስለደረሰበት ነገር መናገር ጀመረ። ጀመረ ነው ያልኩት፣ አልጨረሰም። ገና ሁለት ሦስት ቃል እንዳለ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ደንግጬ ነው የሳቅኩት፤ ያኔ ግን ሳቅ ሳቅ ነው። ‹‹ተወው ባክህ፣ ተኛ›› አልኩት። ተኛ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳውም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ወሬው ደረሰኝ። የጎረቤት ልጅ ላይ ጥቃት አድርሷል ተብሎ መንደሩ ሙሉ ወጥቶ ደበደበው አሉ። ‹‹ያ ዝምተኛው? አይሆንም!›› አልኩ። ልጁን ግን ቀድሞ የሰማው ሰው እኔ ነበርኩ። አሁን መተማ በኩል የቀን ሠራተኛ ነው ይባላል። ጥቃቱ የደረሰበት ልጅ የት እንዳለ ደግሞ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት አለፈ። ይህ ራሱ ይቆጨኛል። ስለ አጥፊው ሁላችንም እናወራለን፣ ስለ ተጎጂው ወሬ የለንም።

እህቴ፣ ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ‹‹ዱርዬ ነው እንዲህ የሚያደርገው›› የሚባለውን እኔም አምን ስለነበር ነው። ካነበብኳቸው ሁሉ በጣም የገረመኝ ማይክል ሴቶ እና ማርተን ላሉሚዬር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ሥራ ነው። 59 ጥናቶችን ሰብስበው ወሲባዊ ጥቃት ያደረሱ ከ3,800 በላይ ወንድ ልጆችን ሌላ ዓይነት ወንጀል ከፈጸሙ ከ13,000 በላይ ልጆች ጋር አስተያዩዋቸው። ወሲባዊ ጥቃት ያደረሱት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ የወንጀል ታሪክ፣ ያነሰ የዱርዬ ጓደኛ፣ ያነሰ የመጠጥና የሱስ ችግር ነው የተገኘባቸው። የበዛባቸው ሌላ ነው። ራሳቸው ተደፍረው ያውቃሉ። ሌላ ዓይነት ድብደባና ቸልታ ደርሶባቸዋል። ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጸም አይተዋል። ሳይደርሱ ለወሲብ ወይም ለወሲብ ፊልም ተጋልጠዋል። ብቸኞች ናቸው፣ ይጨነቃሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ። ይህን ሳነብ የዘመሮዋ ክፍል፣ ባናዋ፣ ኩራዟ ፊቴ ላይ መጡ።

ግን ቀስ በሉ! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ‹‹የተደፈረ ልጅ ነገ ደፋሪ ይሆናል›› ብሎ መደምደም ሌላ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በልጅነታቸው የተደፈሩ 224 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። ኋላ እነሱ ራሳቸው ጥቃት አድርሰው የተገኙት 26 ናቸው፤ ከመቶ 12 ማለት ነው። የቀሩት 198ቱ አላደረጉም። ይህን የምታነብ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰብህ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሁለቴ አንብበው። ታዲያ 26ቱን ከሌሎቹ ምን ለያቸው? መልሱ ቤት ውስጥ ነው። በልተው ያላደሩ፣ ልብስ የሌላቸው፣ ‹‹የት ዋልክ?›› የሚላቸው ሰው ያጡ፣ ቤት ውስጥ ከባድ ድብደባ ሲፈጸም እያዩ ያደጉ ልጆች በብዛት የተገኙት እዚያ ውስጥ ነበር። ምንም ሳይደርስበት ጥቃት የሚያደርስ ልጅም አለ። ሁሉንም በአንድ ቁምጣ ማልበስ አይቻልም።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የመንዝ አባት ልጁን አይወድም የሚል ቢኖር እጣላዋለሁ። ይወዳል። ፍቅሩን የሚገልጸው ግን ከብት በመስጠት፣ ርስት በማካፈል ነው እንጂ በወሬ አይደለም። እኔ አባቴ ስለ ሰውነቴ ያወራኝ አንድ ቀን ትዝ አይለኝም። የአካላችንን ክፍሎች ስም የተማርነው ከስድብ ነው፤ ልብ በሉ፣ ከስድብ ብቻ! ታዲያ አንድ ልጅ አካሉ ላይ ክፉ ነገር ሲደርስበት በምን ቃል ይናገር? ያለው ቃል የስድብ ቃል ነው። ተናግሮ ቢሰማ ‹‹ባለጌ›› ተብሎ ይመታል። ‹‹ነውር›› የምትለዋ ቃል ስንቱን አፍ እንደለጎመች እግዚአብሔር ይወቀው።

ሌላው ደግሞ ስለ ወንድነት የምናስተምረው ነው። ስናድግ ሰርግ ላይ ምን ነበር የምንሰማው? ሙሽራው ሙሽሪትን ‹‹አሸነፋት›› ተብሎ ሚዜ ሲጨፍር፣ ደም የነካው ጨርቅ ለዘመድ ሲታይ ነው። ሙሽሪት አልቅሳ እንደሆን የጠየቀ አልነበረም። ከዳስ ጥግ ቁጭ ብሎ ይህን የሚሰማ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ይማራል? ሕጉስ ራሱ ምን ያስተምር ነበር? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊና ደፋሪ ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ያደርግ ነበር። ያ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እሱ ከወጣ ወዲህ ማግባት ከክስ አያድንም። የጋብቻ ዕድሜም በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ 18 ነው። ሕጉ ተለወጠ፤ ዳስ ጥግ የነበረው ልጅ ግን ዛሬ የልጆች አባት ነው።

በዚህ ላይ ስልኩን ጨምሩበት። ድሮ እረኛ ከእረኛ የሚሰማው ወሬ ነበር፤ አሁን ከከተማ ሚሞሪ ካርድ ተሞልቶ የሚመጣ ፊልም ነው። እናት ማንበብ አትችልም፣ ስልኩን ከፍታ አታይም። ጦርነቱንም አንርሳ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ወርዶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ቀኑን ሙሉ የት ነው የሚውለው? ማን ጋ? ይህን የምለው ሰበብ ለመደርደር አይደለም። ድርጊቱ የልጁ ነው፤ ‹‹ዘመኑ ነው ያደረገው›› ብሎ ማለፍ ሕፃኗን ሁለተኛ መበደል ነው።

ሕጉን በሚመለከት አንድ ሕግ የሚያውቅ ወዳጄን ይዤ ስነዘንዘው ዋልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ15 እስከ 18 ያለው ይጠየቃል፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። ከ9 እስከ 15 ያለው፣ ወንድምሽ እዚህ ውስጥ ነው፣ እንደ አዋቂ አይቀጣም። አዋቂ ቢሆን ኖሮ ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ወንጀል ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስፈርድበት ይችል ነበር። ለወጣት ጥፋተኛ ግን ሕጉ የደረደረው ሌላ ነው። ሕክምና ካስፈለገው ወደ ሕክምና ተቋም መላክ፣ በአሳዳጊ ወይም በዘመድ ሥር ሆኖ ክትትል የሚደረግበት ትምህርት፣ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ የጠባይ ማረሚያ። ከአዋቂ እስረኛ ጋር አንድ ላይ አይታሰርም፤ ይህ በሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ተጽፏል። ችሎቱም በዝግ ነው፤ ስሙ በአደባባይ አይጠራም።

ወረቀቱ ላይ ይህን ይመስላል። መሬት ላይስ? እህቴ፣ አልዋሽሽም። ለዚህ ዓይነት ልጅ ተብሎ የተሠራ ቤት ብዙ ዘመን የምናውቀው አዲስ አበባ ልደታ ያለውን ነው። በየወረዳው እንዲህ ያለ ቤት የለም። ስለዚህ የወረዳው ፍርድ ቤት ልጁን ለናንተው መልሶ፣ ክትትል አድርጉበት ሊል ይችላል። ያኔ ሸክሙ ያንቺ ነው። ‹‹ለፖሊስ ብናገር ወንድሜን ቀበርኩት›› ያልሽው ግን ልክ አይደለም። የሚቀብረው አጎትሽ ያሰበው ነው።

እስቲ የአጎትሽን ሐሳብ እንየው። ልጁ ተገርፎ ሸዋ ሮቢት ይላካል። እዚያ የሚቀበለው ቤት ሕፃናት አሉበት? የቤቱ እመቤት ምን እንዳደረገ ታውቃለች? አታውቅም፤ ‹‹ሥራ ፈልጎ ነው›› ነው የሚባለው። ከአባቱ ሞት በኋላ ዘመድ ጋ ብቻውን የተላከ ልጅ አሁንም ብቻውን ሌላ ሰው ቤት ይላካል። የሚያየው የለም፣ የሚያናግረው የለም፣ የሚጠብቃቸው ሕፃናት ይኖራሉ። ይሄ ቅጣት ነው ወይስ ለሌላ ሰው ልጅ የተቆፈረ ጉድጓድ?

የሽማግሌዎቹን ነገር ደግሞ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሽምግልና ስንት ደም ያደረቀ ነገር ነው። ግን በዚህ እርቅ ላይ የሚታረቀው ማንና ማን ነው? ሁለት አባወራ። አንዱ ቤት አባት የለም፣ አጎት ነው የሚቀመጠው። ልጅቷ አትጠየቅም፣ እናቷ ከጓዳ ትሰማለች። በጉ ታርዶ የሚበላው ራሱ ሽማግሌው ነው! ሽማግሌ ጎረቤት እንዳይገዳደል ማድረግ ይችላል፣ ካሣም ይቁረጥ። ይህን ክስ ግን ማንሳት አይችልም፤ ሕጉ ለግል ተበዳይ ምርጫ የተወው ዓይነት ጉዳይ አይደለምና።

አንድ ነገር ደግሞ ላጽናናሽ። ‹‹አንዴ የቀመሰ አይተውም›› የሚሉሽ ሰዎች ይኖራሉ። ማይክል ካልድዌል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ33,000 በላይ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ደምሮ ሲያይ፣ እንደገና ወሲባዊ ጥቃት አድርሰው የተያዙት በአማካይ ከመቶ አምስት ገደማ ናቸው። የተደበቀ እንደሚኖር የታወቀ ነው። ቢሆንም ‹‹አይተውም›› የሚለው ወሬ የቆመበት እግር የለውም። ደግሞ እነዚህ የተያዙ፣ ቤተሰብም ፍርድ ቤትም ያወቃቸው ልጆች ናቸው። ሸዋ ሮቢት ተልኮ ዝም የተባለውን የቆጠረ የለም።

ታዲያ ምን ላድርግ ላልሽው፣ በስልክ ያልኩሽን ነው የምደግመው። ወረዳው ፖሊስ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ ሰው ጠይቂና ወንድምሽን አንቺው ይዘሽው ሂጂ። ከእሱ የሚያንሱ ልጆች ካሉበት ብቻውን አትተዪው፤ ለአንድ ቀንም፣ ለአንድ ሰዓትም። እንዳይመታ ከልክዪ። የተገረፈ ልጅ የሚማረው ሌላ ጊዜ መደበቅን ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲያየው አድርጊ፤ ‹‹እብድ ነው ሊሉት ነው›› ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ። ማታ ደግሞ ሰው ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ በዪና እሱ ላይ ምን ደርሶበት እንደሆነ ጠይቂው። ከዚያ ዝም በዪ። እንደ እኔ አትሳቂ።

ይህን ጽፌ ለአርታኢው ልሰጥ ስል ረቡዕ ማታ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ከልጅቷ እናት ጋር ሆነው ልጅቷን ለሐኪም አሳይተዋል። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም፤ ሲመለሱ ግን የልጅቷ እናት ‹‹አዝለሽ አግዥኝ›› ብላ ልጇን እንደሰጠቻት ነገረችኝ። ፖሊስ ጋ ቃል ሰጥተዋል። እናቷ አኩርፋታለች፣ አጎቷ ‹‹ከእንግዲህ ዘመዴ አይደለሽም›› ብሏታል። ወንድሟ ቤት ነው ያለው፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ሁለት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጣ ምንም አላለም። በሦስተኛው ሌሊት አንድ ስም ነገራት። እረኛ ሳለ አብሮት ያድር የነበረ የጎልማሳ ሰው ስም ነው። ሰውየው ዛሬም እዚያው ቤት አለ፤ አሁንም ትናንሽ እረኞች አብረውት ያድራሉ።

‹‹ይህንንም ለፖሊስ ልናገር?›› አለችኝ።

ነገ ጠዋት፣ አልኳት።